የጥንድ ቀልደኞች ውርስ፤ ከሲኒማ ወደ ቴሌቪዥን የሥዕል ፊልም

በአሜሪካ የሲኒማ ታሪክ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ሕዝብ ያሳቁ ተጫዋቾች ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱም መካከል ስማቸው ካገራቸው አልፎ በዓለም የታወቀላቸው ሎሬልና ሃርዲ፥ አቦትና ኮስቴሎ ናቸው። ቴሌቪዥን ከመጣ በኋላ ደግሞ ካርቱን የሚባለው የሥዕል ፊልም የራሱን ጥንዶች አስነሣ፤ ድመትና ውሻ፥ ድብና ትንሹ ጓደኛው፥ በድንጋይ ዘመን የሚኖሩ ጎረቤታሞች። እነዚህ ኋለኞቹ ከፊተኞቹ ወርሰዋል ሲባል ያልሰማ የለም። ምን እንደ ወረሱ ግን በሚገባ ተመርምሮ አይነገርም። የተለመደው መልስ መውደቁንና መጋጨቱን፥ ፊት ላይ የሚወረወረውን ኬክ፥ የሚሰበረውን ዕቃ ወረሱ የሚል ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምናቀርበው አሳብ ከዚህ የተለየ ነው። የቴሌቪዥን ካርቱን ከጥንዶቹ የወሰደው ንግግራቸውንና አንዱ ለሌላው ያለውን አቋም ነው፤ መውደቁና መጋጨቱ ከሞላ ጎደል መንገድ ላይ ቀርቷል። ይኽም የሆነው ካርቱን ሠሪዎቹ ወደው ሳይሆን ገንዘብ አጥሯቸው ነው። ይኽንንም ለማስረዳት ከጥንዶቹ አሠራር እንጀምራለን። ዘመኖቹን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ቮድቪልና በርሌስክ በሚባሉት የአሜሪካ መዝናኛ ቲያትር ቤቶች ሁለት ሰዎች መድረክ ላይ ቆመው የሚነጋገሩበት ጨዋታ ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ነበር። አንደኛው ኮስተር ብሎ ነገሩን ያቀርባል፤ ሁለተኛው በቂልነቱ ያበላሸዋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለመጀመሪያው ሰው የተለየ ስም አላቸው፤ በአማርኛ የተቆረጠ ስም ስላላገኘንለት እኛ አንደኛውን «አቅራቢ»፥ ሁለተኛውን «ቂል» እያልን እንቀጥላለን። ተመልካች የሚስቀው በቂሉ ነው፤ ነገሩ የሚከብደው ግን በአቅራቢው ላይ ነው። ጥያቄው በሰዓቱ ካልተጣለ መልሱ አያስቅምና። የቲያትር ሰዎች ይኽን አሳምረው ያውቁ ነበር። አቦትና ኮስቴሎ መጀመሪያ ሲጣመሩ ከገቢያቸው ከመቶ 60 እጁን ይወስድ የነበረው ማንም የማይስቅለት አቦት ነው፤ አዳራሹን በሳቅ የሚያናውጠው ኮስቴሎ 40 እጁን ይቀበል ነበር። ጥሩ ቂል ይገኛል፥ ጥሩ አቅራቢ ግን አይገኝም ይባል ነበርና። ኋላ ዝናቸው ሲበረታ ኮስቴሎ ድርሻውን አስገልብጧል።

ወደ ሎሬልና ሃርዲ እንለፍ። ስታን ሎሬል በ1890 በእንግሊዝ አገር ኡልቨርስተን በምትባል ከተማ ተወለደ፤ የልደት ስሙ አርተር ስታንሊ ጀፈርሰን ነው። አባቱ የቲያትር ሰው ስለ ነበር ልጁም በዚያው መንገድ ሄደ። በፍሬድ ካርኖ የተጫዋቾች ጓድ ውስጥ ገብቶ በ1910 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር በአንድ መርከብ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ኦሊቨር ሃርዲ በ1892 በጆርጂያ ግዛት ሃርለም በምትባል ቦታ ተወለደ። ሚሊጅቪል በምትባል ከተማ በሲኒማ ቤት ሲሠራ የሌሎችን ፊልም እያየ ቆይቶ፥ በ1914 በፍሎሪዳ ራሱ መጫወት ጀመረ። ሁለቱን በ1927 ያጣመራቸው የሃል ሮች ስቱዲዮ ሲሆን፥ በዚህም ሊዮ ማኬሪ የተባለው ዳይሬክተር ትልቅ ድርሻ ነበረው። በፊልም የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች እነርሱ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ ሼንስትሮምና ማድሰን የተባሉት ሁለት ዴንማርካውያን፥ አንዱ ረጅም ቀጭን፥ አንዱ አጭር ወፍራም፥ ከ1921 ጀምሮ በአውሮፓ ይታዩ ነበር።

የሎሬልና ሃርዲ አዲስ ነገር ርጋታቸው ነው። በዚያ ዘመን አስቂኝ ፊልም ማለት ሩጫ ነበር፤ ፖሊስ ይሮጣል፥ ሌባ ይሮጣል፥ መኪና ይገለበጣል። እነርሱ ይኽን ሩጫ አቀዘቀዙት። በ1929 በወጣው «ቢግ ቢዝነስ» በተባለው ድምፅ አልባ ፊልም ሁለቱ በካሊፎርኒያ ፀሐይ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የገና ዛፍ ይሸጣሉ። አንድ ሰው አልገዛም ይላል፤ ዛፉ በበሩ እየተያዘ ደጋግመው ደወል ይደውላሉ፤ ሰውዬው ይናደድና ዛፉን ይቆራርጠዋል። ከዚያ በኋላ እነርሱ ቤቱን፥ እርሱ መኪናቸውን እስኪያጠፉ ድረስ ይዘልቃሉ። የሚያስገርመው ማንም ማንንም ለማቆም አለመሞከሩ ነው። አንዱ ሲያፈርስ ሌላው ቆሞ ይመለከታል፤ የመጀመሪያው ጨርሶ ዞር ሲል ሁለተኛው ተራው መሆኑን አውቆ ረጋ ብሎ ይጀምራል። ሙግት ይመስላል፤ ተናጋሪ አለ፥ አድማጭ አለ፥ ተራ አለ። ዳር ቆሞ የሚያይ ፖሊስ ደግሞ የጠፋውን ዕቃ በማስታወሻው ይመዘግባል።

በ1932 የወጣውና በዚያ ዘመን ለአጭር አስቂኝ ፊልም የተመደበውን የአካዳሚ ሽልማት ያገኘው «ሚዩዚክ ቦክስ» ከዚህም የላቀ ይመስለናል። ሁለቱ በሣጥን የታሸገ ፒያኖ ከ130 በላይ ደረጃዎች ባሉት አቀበት ላይ ተሸክመው ይወጣሉ። ደረጃው እስከ ዛሬ በሎስ አንጀለስ ከተማ አለ። ፒያኖው ይንሸራተታል፥ ይወርዳል፥ እንደገና ይሸከሙታል። ብዙ ደክመው ከላይ ከደረሱ በኋላ አንድ ፖስተኛ፥ በስተኋላ በኩል ጋሪ የሚያስወጣ መንገድ መኖሩን ይነግራቸዋል። ሌላ ቀልደኛ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ሳቁን አግኝቶ ወደሚቀጥለው ነገር ያልፍ ነበር። ሎሬልና ሃርዲ ግን ፒያኖውን ተሸክመው ያን ሁሉ ደረጃ ወደ ታች ይወርዱና፥ በጋሪ ጭነው በትክክለኛው መንገድ ያመጡታል። እኛ ይኽን ደጋግመን አይተን ደጋግመን ስቀናል። ያሳቀንም የፒያኖው መውደቅ አይደለም፤ ሃርዲ ምክሩን ሰምቶ ነገሩ እስኪገባው ድረስ የሚያልፈው ጊዜና በዚያ ጊዜ ፊቱ ላይ የሚታየው ነው። ሃርዲ ሲመረር ዓይኑን ወደ ካሜራው አቅንቶ ተመልካቹን፥ «ከምን ዓይነት ሰው ጋር እንደምኖር አያችሁ?» እንደሚል ሰው ዝም ብሎ ያየዋል። ሲያፍር የክራባቱን ጫፍ ያርገበግባል። ሎሬልም ፀጉሩን ያካል፥ እንደ ሕፃን ፊቱን አጨማዶ ያለቅሳል።

ከካሜራው ጀርባ የነገሩ አኳኋን የተገላቢጦሽ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ቂል የሆነው ሎሬል በስቱዲዮው ውስጥ የአሳቡ አመንጪና የቆረጣው ተቆጣጣሪ ነው፤ ደመወዙም ከጓደኛው ይበልጥ ነበር። ሁሉን አውቃለሁ ባዩ ሃርዲ ደግሞ የዕለቱ ሥራ ሲያልቅ ጎልፍ ወደሚጫወትበት ሜዳ ይሄዳል።

አቦትና ኮስቴሎ የሌላ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም የኒው ጀርሲ ግዛት ልጆች ሲሆኑ በበርሌስክ መድረክ ተገናኝተው በ1936 ተጣመሩ፤ በ1938 በሬዲዮ ታወቁ፤ በ1941 «ባክ ፕራይቬትስ» የተባለው የወታደር ፊልም ስማቸውን አገነነው። ዋናው ጨዋታቸው በቤዝቦል ቡድን ላይ የቆመ ነው። የአንደኛው ተጫዋች ስም «ማን»፥ የሁለተኛው «ምን»፥ የሦስተኛው «አላውቅም» ነው። እንግዲህ ኮስቴሎ የጠየቀው ጥያቄ ሁሉ ለአቦት መልስ ሆኖ ይሰማል፤ አቦት የመለሰው መልስ ሁሉ ለኮስቴሎ ጥያቄ ሆኖ ይመለሳል። በአማርኛም ቢሆን «ማን ነው» የሚለው ቃል ጥያቄም ማስረጃም ሊሆን ስለሚችል ጨዋታው ሳይበላሽ ይሻገራል። በቅኔ ቤት ኅብር የሚባለውን የሚያውቅ ሰው አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲሸከም የሚሰጠውን ደስታ እንግዳ አያደርገውም፤ ልዩነቱ፥ እዚህ ሁለቱን ትርጉም ሁለት ሰዎች ተካፍለው ሲጣሉባቸው መታየታቸው ነው።

አሁን በሁለቱ ጥንዶች መካከል ያለውን ዋና ልዩነት በአንድ ቀላል ፈተና እንለየው። ዓይንን ጨፍኖ ማዳመጥ ነው። የአቦትና ኮስቴሎ ጨዋታ ዓይን ተጨፍኖም ያስቃል፤ በሬዲዮ የታወቁትም ስለዚህ ነው። ሎሬልና ሃርዲን ዓይንህን ጨፍነህ ብታዳምጥ ጥቂት ቃላትና ብዙ የዕቃ ድምፅ ብቻ ትሰማለህ፤ ያ ፊት የለም። ይኽን ልዩነት ከያዝን ቀጥሎ የመጣውን ታሪክ ለመረዳት አያስቸግርም።

ካርቱን ሠሪዎች ጥንዶቹን መሳል የጀመሩት ቴሌቪዥን ሳይስፋፋ ገና በሲኒማ ዘመን ነው። የዲዝኒ ስቱዲዮ በ1933ና በ1938 ባወጣቸው ካርቱኖች የሎሬልና ሃርዲን መልክ ከሌሎች የሆሊውድ ሰዎች ጋር ደባልቆ አሳይቷል፤ ይኽ ግን የመልክ ቀልድ ብቻ ነው። ጠባያቸውን እስከ ንግግራቸው የቀዳ ካርቱን የመጣው በ1942 በዋርነር ስቱዲዮ ነው። ቦብ ክላምፐት በሠራው ፊልም «ባቢት» እና «ካትስቴሎ» የተባሉ ሁለት ድመቶች ወፍ ለመያዝ ይማከራሉ። ረጅሙ ያዛል፤ አጭሩ ከፍታ እየፈራ መሰላል ይወጣል። ስማቸው ከማን እንደ ተወሰደ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚያስቀው ነገር፥ ያች ለማሟያ የገባችው ወፍ ትዊቲ የተባለችው ሆና በዓለም ስትታወቅ፥ ሁለቱ ድመቶች በጥቂት ፊልም ብቻ ታይተው መረሳታቸው ነው።

በዚያን ጊዜ ለሲኒማ ካርቱን ሀብት ነበረው። ዊሊያም ሃናና ጆዜፍ ባርቤራ በሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ስቱዲዮ ከ1940 ጀምሮ «ቶምና ጄሪ»ን ሲሠሩ ሰባት የአካዳሚ ሽልማት አግኝተዋል። ድመቱና አይጡ ከሞላ ጎደል አይናገሩም፤ ሥራቸው መሮጥና መመታታት ነው፥ ያም በሚያስደንቅ ሁኔታ ተሥሏል። በዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ እናስላ። ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል፤ የሰባት ደቂቃ ካርቱን እንግዲህ 10,080 ምስል ነው። አንዱን ሥዕል ለሁለት ሁለት ምስል ቢጠቀሙበት እንኳ ለአንድ ተንቀሳቃሽ ገጸ ባሕርይ ከአምስት ሺሕ በላይ ሥዕል ያስፈልጋል፤ ሁለት ሆነው ሲሯሯጡ ደግሞ እጥፍ ነው። ይኽ ሁሉ በእጅ የሚሣል፥ በእጅ የሚቀባ ነው። ለአንዱ አጭር ካርቱን የሚወጣው ገንዘብ በአሥር ሺሖች ዶላር የሚቆጠር ነበር።

በ1957 ስቱዲዮው አሮጌዎቹን ካርቱኖች እንደገና ቢያሳይ ከአዲሶቹ የማያንስ ገንዘብ እንደሚያገኝ አስልቶ የካርቱኑን ክፍል ዘጋ። ሃናና ባርቤራ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ሥራ ፈቱ። በዚያው ዓመት የራሳቸውን ኩባንያ አቁመው ወደ ቴሌቪዥን ቢሄዱ ለአምስት ደቂቃ ካርቱን የተሰጣቸው ወደ ሦስት ሺሕ ዶላር ብቻ ነው። በዚህ ገንዘብ ቶምና ጄሪን ማስሮጥ አይቻልም፤ ማስነገር ግን ይቻላል። አካሉ በአንድ ሥዕል ቆሞ ይቀራል፥ አፉና ዓይኑ ብቻ ይለወጣሉ፤ ከበስተኋላ ያለው ዛፍ ተደጋግሞ ያልፋል። የጎደለውን ሁሉ ድምፅ ይሞላዋል። ቻክ ጆንስ የተባለው የዋርነር ካርቱን ሠሪ ይኽን አሠራር ሥዕል የተጨመረበት ሬዲዮ ብሎ ነቅፎታል። ነቀፌታው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከዚህ በላይ የጠቀስነውን ፈተና የሚያስታውስ አንባቢ ነቀፌታው ሳያስበው አንድ የታሪክ ምስጢር እንደ ያዘ ያያል። ካርቱን ሬዲዮ ከሆነ፥ በሬዲዮ የኖሩት የጥንድ ቀልደኞች ጨዋታ ለእርሱ የተዘጋጀ ቤት ነው ማለት ነው።

እንዲሁም ሆነ። የኩባንያው የመጀመሪያ ሥራ በታኅሣሥ 1957 የጀመረው «ራፍና ሬዲ» ትንሽ ብልህ ድመትና ትልቅ የዋህ ውሻ ነበሩ። በ1958 «ሃክልቤሪ ሃውንድ» መጣ፤ በእርሱም ውስጥ ዮጊ የተባለው ድብና ቡ ቡ የተባለው ትንሹ ጓደኛው ተወለዱ። የድምፁ ሥራ የተሰጠው በሬዲዮ ላደጉ ሰዎች ነው፤ ዮጊን ዳውስ በትለር፥ ቡ ቡን ዶን ሜሲክ ተናገሩለት። ነገሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ዮጊ ወደ ፓርኩ ከመጡት መንገደኞች የምሳ ቅርጫት ለመስረቅ ዘዴ ያወጣል፤ ቡ ቡ የፓርኩ ጠባቂ እንደሚቆጣ ያስጠነቅቃል፤ ዮጊ ብልህነቱን ተመክቶ ይሄዳል፥ ይያዛል። ስርቆቱ ራሱ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰከንድ ያልፋል። ጊዜው የሚያልቀው ከስርቆቱ በፊት ባለው ክርክር ነው። አቅራቢው ቡ ቡ ነው ብንል አንሳሳትም፤ ቂሉም ራሱን ብልህ የሚያደርገው ወፍራሙ ነው፤ ይኽም የኮስቴሎን ፍርሀት ትቶ የሃርዲን ኩራት የያዘ ነው።

ስለ ክራባቱ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ዮጊ ባርኔጣ፥ ኮሌታና ክራባት አለው፤ ቡ ቡም የአንገት ቢራቢሮ አለው። ለድብ ክራባት ምን ያደርግለታል? መልሱ የሠሪዎቹን ብልሃት ያሳያል። ኮሌታው ጭንቅላቱን ከአካሉ የሚለይ መሥመር ነው፤ አካሉ ሳይነካ ጭንቅላቱ ብቻ በሌላ ሥዕል ሊለወጥ ይችላል፥ መጋጠሚያውም አይታይም። ሃርዲ ባርኔጣና ክራባት ያደረገው የተከበረ ሰው ለመምሰል ነው፤ በጣቱ ሲያርገበግበውም ክብሩ እንዴት እንደ ተነካ እንረዳለታለን። የዮጊ ክራባት አይንቀሳቀስም፤ ሥራው እንዳይንቀሳቀሱ መርዳት ነው። በሁለቱ ክራባቶች መካከል ያለው ርቀት ከሲኒማ ወደ ቴሌቪዥን ሲኬድ የተከፈለውን ዋጋ ያስረዳል ብለን እናምናለን።

ከዚህ ቀጥሎ በሃናና ባርቤራ ሥራ ሁሉ ትልቁ «ፍሊንትስቶንስ» ነው። ከመስከረም 1960 እስከ ሚያዝያ 1966 ድረስ በምሽት ሰዓት፥ አዋቂዎች በሚያዩበት ጊዜ፥ 166 ክፍል ታይቷል። ፍሬድ ድምፁ የገነነ፥ ሆዱ የተነፋ፥ ሁልጊዜ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ነው፤ ጎረቤቱ ባርኒ አጭርና ገር ነው፥ ዕቅዱ እንደማይሳካ እያወቀም ይከተለዋል። እነዚህ ሁለቱ ከእነ ሚስቶቻቸው የተቀዱት በ1955ና በ1956 ከታየው «ሃኒሙነርስ» ከሚባለው የጃኪ ግሊሰንና የአርት ካርኒ የቴሌቪዥን ጨዋታ እንደ ሆነ ብዙ ተጽፏል፤ ሃናም ያን ጨዋታ ከሁሉ አብልጦ ይወደው እንደ ነበር ተናግሯል። የዮጊ ድምፅና አነጋገርም ከካርኒ የተቀዳ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች ውርሱ የቴሌቪዥን እንጂ የሲኒማ አይደለም ይላሉ። እኛ ግን ሐረጉን ጥቂት ወደ ላይ ብንስበው ሥሩን እናገኛለን እንላለን።

ሎሬልና ሃርዲ በ1933 በሠሩት «ሰንስ ኦቭ ዘ ደዘርት» በተባለው ፊልም ሁለት ባሎች የአንድ ወንዶች ማኅበር አባላት ናቸው። (ማኅበር ስንል የጽዋውን ማለታችን አይደለም፤ ልዩ ቆብና ልዩ ሰላምታ ያለው የአሜሪካ ወንዶች መሰብሰቢያ ነው።) ማኅበሩ በቺካጎ ጉባኤ አለው፥ የሃርዲ ሚስት አልፈቀደችም። ሃርዲ የታመመ መስሎ፥ ሐኪም በመርከብ ወደ ሆኖሉሉ ሂድ አለኝ ብሎ፥ ከጓደኛው ጋር ወደ ቺካጎ ይሰወራል። መርከቡ ሰመጠ ተብሎ ሲወራ ሚስቶቹ ይደነግጣሉ፤ ከዚያም ሲኒማ ቤት ገብተው የዜና ፊልም ሲያዩ ባሎቻቸው በጉባኤው ሰልፍ ላይ ሲጨፍሩ ያገኟቸዋል። በ«ሃኒሙነርስ» ግሊሰንና ካርኒ የ«ራኩን» ማኅበር አባላት ናቸው። በ«ፍሊንትስቶንስ» ፍሬድና ባርኒ የ«ውኃ ጎሾች» ማኅበር አባላት ናቸው፥ ቆባቸውም ቀንድ አለው። ሚስትን ፈርቶ መዋሸቱ፥ ወፍራሙ አቅዶ ቀጭኑ ወይም አጭሩ መከተሉ፥ ኋላም መጋለጡ በሦስቱም አለ። ሦስተኛው ከሁለተኛው ቀድቶ ይሆናል፤ ነገሩ ግን ከሁለተኛው በፊት ከሃያ ዓመት በላይ በሲኒማ ታይቶ ነበር።

የጥንዶቹ አቋም እንዲህ በሌሎች መልክ ሲኖር፥ መልካቸው ደግሞ ለብቻው ተሸጠ። ይኽ የታሪኩ አሳዛኝ ክፍል ነው። ሎሬልና ሃርዲ በስቱዲዮው ደመወዝተኞች ስለ ነበሩ የፊልሞቻቸው ባለቤቶች አልነበሩም። ፊልሞቹ በቴሌቪዥን ሲታዩና አዲስ ትውልድ ሲወዳቸው ለሁለቱ የሚደርሳቸው ገንዘብ አልነበረም። ሃርዲ በ1957 ሞተ። ሎሬል በሳንታ ሞኒካ በአንድ ትንሽ ቤት ተቀምጦ ስሙን ከስልክ ማውጫ ሳያስወጣ የሚጠይቀውን ሁሉ ይቀበል ነበር። ለማስታወቂያ ሲባል ፊልሞቹ እንደ ልብ መቆረጣቸው ያሳዝነው ነበር፤ ለአንድ ሰው ሳቅ የሚሆነውን ጊዜ በጥንቃቄ የለካ ሠራተኛ ስለ ሆነ መቆረጡ ምን እንደሚያጠፋ ያውቃል። በ1961 የአካዳሚው የክብር ሽልማት ተሰጠው፤ በየካቲት 1965 ሞተ።

በ1966 ላሪ ሃርመን የተባለው ሰው የሁለቱን ስምና መልክ የመጠቀም መብት ገዝቶ፥ ከሃናና ባርቤራ ኩባንያ ጋር «ሎሬልና ሃርዲ» የተባለ ካርቱን አወጣ። እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ የሆነ 156 ክፍል ነው። ሃርመን ራሱ የሎሬልን፥ ጂም ማክጆርጅ የሃርዲን ድምፅ አስመሰሉ። ባርኔጣው አለ፥ ክራባቱ አለ፥ ሆዱ አለ። የሌለው ጊዜው ነው። ሃርዲ ተመልካቹን ዝም ብሎ የሚያይበትን ያን ረጅም ቆይታ ለመሥራት ፊቱ በየጥቂቱ መለወጥ አለበት፥ ለዚያም ብዙ ሥዕል ያስፈልጋል፤ ሥዕል ደግሞ ገንዘብ ነው። ሳይለወጥ እንዲቆም ቢደረግ የቆመ ሥዕል ይሆናል እንጂ የሚያስብ ሰው አይሆንም። ሠሪዎቹ ስለዚህ ቆይታውን ትተው በሩጫና በንግግር ሞሉት፤ ንግግሩ ግን ከመጀመሪያውም የሎሬልና ሃርዲ ሀብት አልነበረም።

በአንድ ዓመት ልዩነት፥ በ1967፥ ይኸው ኩባንያ «አቦትና ኮስቴሎ»ን በካርቱን አወጣ፤ እርሱም 156 ክፍል ነው። በእኛ ፈተና መሠረት ይኽኛው ይሻል ዘንድ ይገባል፤ አቦት የራሱን ድምፅ ራሱ ስለ ሰጠው በእርግጥም በአንዳንድ ቦታ ይሻላል። ነገር ግን ኮስቴሎ በ1959 ሞቷል። አቦት በዚያን ጊዜ ወደ 70 ዓመት የተጠጋ፥ ለመንግሥት ግብር ዕዳ ሲል ሀብቱን የጨረሰ ሽማግሌ ነው። ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ እንደ ቀድሞው ጥያቄውን ይጥላል፤ የሚመልስለት ግን የጓደኛውን ድምፅ የሚያስመስለው ስታን ኧርዊን ነው። አንድ ጊዜ የዚህ ሰው ሥራ ከመቶ 60 ያስከፍል እንደ ነበር አይተናል። ጥያቄው በሰዓቱ ይወድቃል፤ አቦት አልተለወጠም። መልሱ ግን የሌላ ሰው ነው፥ ሰዓቱም የሌላ ሰው ሰዓት ነው። ይኽን ካርቱን ስናዳምጥ ከሳቅ ይልቅ ዝምታ ይቀናናል።

የመልኩ ባለቤት ማን ነው የሚለው ነገር ፍርድ ቤት ደርሷል። የሃል ሮች ስቱዲዮ በጥንት ውል ተመክቶ የስማቸውና የመልካቸው መብት የእኔ ነው ቢል፥ በ1975 የኒው ዮርክ የፌዴራል ፍርድ ቤት መብቱ የሚስቶቻቸው ነው ብሎ ፈረደ። ይኽ ፍርድ በአሜሪካ ሕግ፥ ሰው ከሞተ በኋላ መልኩ ለወራሾቹ ይተላለፋል ከሚሉት ቀደምት ፍርዶች አንዱ ነው። ሕጉ ሊያወርስ የሚችለው ባርኔጣውንና ፊቱን መሆኑን እናስተውል፤ አንዱ አቅዶ ሌላው የሚከተልበትን አቋም ማንም አልከሰሰበትም፥ ሊከስበትም አይችልም፤ ፍሬድና ባርኒ፥ ዮጊና ቡ ቡ ያለ ክፍያ ወስደውታል።

ሁለቱ ውርሶች አንድ ጊዜ ፊት ለፊት ተገናኝተዋል። በ1969 የጀመረው «ስኩቢ ዱ» መንፈስ በመፍራት የሚያስቁ ሁለት ጓደኛሞች አሉት፤ አንዱ ውሻው፥ አንዱ ሻጊ የተባለው ወጣት። አቦትና ኮስቴሎ በ1948 ከፍራንከንስታይን ጋር የተገናኙበትን ፊልም ላየ ሰው እነዚህ የማን ልጆች እንደ ሆኑ ግልጽ ነው። በ1972 በዚሁ ካርቱን አንድ ክፍል ላይ ሎሬልና ሃርዲ በሥዕል በእንግድነት ቀረቡ። ስም ያላቸው ጥንዶችና ስም የሌላቸው ወራሾች በአንድ ሥዕል ላይ ሲቆሙ፥ ቦታውን የያዙት ወራሾቹ ናቸው፤ እንግዶቹ እንግዶች ሆነው አለፉ።

የሎሬልና ሃርዲ ርጋታስ ጨርሶ ጠፋ? አልጠፋም። የካርቱን ገንዘብ ሲሻሻልና ታሪኩን በሥዕል የሚያስቡ ሰዎች ወደ ቴሌቪዥን ሲመለሱ ተመልሶ መጣ። በ1999 የጀመረውን «ስፖንጅ ቦብ»ን የፈጠረው ስቲቨን ሂለንበርግ ያ ካርቱን ለሎሬልና ሃርዲ አጫጭር ፊልሞች ከነበረው ፍቅር እንደ ተወለደ ተናግሯል። ባይናገርም ኖሮ በመጀመሪያው ዓመት ከታዩት ክፍሎች አንዱ ይመሰክርበት ነበር። ስፖንጅ ቦብና ምሬተኛው የሥራ ባልደረባው አንድ ፒዛ ለደንበኛ እንዲያደርሱ ታዘው በእግር ረጅም መንገድ ይጓዛሉ፤ ይርባቸዋል፥ ማዕበል ይመታቸዋል፥ ስፖንጅ ቦብ ግን ሣጥኑን አያስነካም። ደንበኛው በሩን ከፍቶ መጠጤስ የት አለ ብሎ አልቀበልም ይላል። ስፖንጅ ቦብ ሣጥኑን እንደ ያዘ ዓይኑ እንባ ይሞላል፤ ባልደረባው አንድ ጊዜ እርሱን፥ አንድ ጊዜ የተዘጋውን በር ያያል።